የጠጠር ምስል በስሪዲ ንድፍ፦ አሠራሩ፣ ልኩና የማያሳየው

አንድ ቤት፣ የገበያ ማዕከል ወይም የውስጥ ለውስጥ መንገድ ገና መሠረቱ ሳይቆፈር በኮምፒውተር ተሠርቶ መታየቱ በከተሞች የተለመደ ሆኗል። ባለሙያዎች ይህን ምስል «ስሪዲ» ወይም «ሬንደር» ይሉታል። በግንባታ አጥር ላይ በትልቁ ይሰቀላል፤ በስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች ይቀርባል፤ መዋጮ ሲጠየቅም አብሮ ይታያል። የተመልካች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሕንጻው፣ በመኪናውና በዛፉ ላይ ነው። ከምስሉ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ መሬቱ ነው። መሬቱ ጠጠር የለበሰ ከሆነ፣ ምስሉ እውነት መምሰል አለመምሰሉን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ጠጠር ይሆናል።

በስሪዲ ምስል ላይ የሚታየው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ አንድ በአንድ የተቀመጠ ድንጋይ አይደለም። ጎኑ አንድ ወይም ሁለት ሜትር የሆነ መሬት ፎቶግራፍ ይነሣና፣ ያው ፎቶ ጎን ለጎን እየተደጋገመ ግቢውን ወይም መንገዱን ይሞላል። ይህ የሚደጋገም ምስል በሙያው «ቴክስቸር» ይባላል። የፎቶው ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ ላይኛው ከታችኛው ጋር ሲጋጠም መገናኛው የማይለይ ከሆነ ስፌት አልባ ቴክስቸር ተብሎ ይጠራል። የነጠላ ጥለትም አንድ ቅርጽ እየተደጋገመ የሚሠራ ነው። ነገር ግን የጥለት ውበቱ በድግግሞሹ ሲሆን፣ ጠጠር ድግግሞሹ የታየ እንደሆነ ሐሰትነቱ ይጋለጣል።

ፎቶግራፍን በኮምፒውተር ቅርጽ ላይ የማልበስን ዘዴ ኤድ ካትሙል እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አስተዋወቀ። ጂም ብሊን በ1978 ጠፍጣፋ ገጽ በብርሃን ስሌት ብቻ ጎርበጥባጣ መስሎ እንዲታይ አደረገ። ኬን ፐርሊን ደግሞ በ1985 ተፈጥሮን የሚመስል የቀለምና የቅርጽ መዘባረቅ በሒሳብ ቀመር የሚፈጠርበትን መንገድ አሳተመ። በነጻ የሚገኘው ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ዛሬ በሦስቱም ዘዴዎች ይሠራል።

ጥሩ የጠጠር ቴክስቸር ለማዘጋጀት ውድ ካሜራ የግድ አይደለም፤ በደንብ የሚያነሣ ስልክ ይበቃል። ወሳኙ ብርሃኑ ነው። ፀሐይ በጠራራ ሰዓት የተነሣ ፎቶ የእያንዳንዱን ጠጠር ጥላ ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ በምስሉ ውስጥ የራሱን ፀሐይ ስለሚያስቀምጥ፣ የቤቱ ጥላ ወደ ምሥራቅ ወድቆ ሳለ የጠጠሩ ጥላ ወደ ምዕራብ ሊወድቅ ይችላል። ተመልካች ምክንያቱን ባይናገርም አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ያስተውላል። ስለዚህ የሚመረጠው ደመናማ ቀን ወይም ሰፊ ወጥ ጥላ ነው። ካሜራው ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ከመሬቱ ጎን ሜትር ተዘርግቶ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ይነሣል። ቅጠል፣ የጫማ ዱካና ከሌሎቹ የተለየ ነጭ ድንጋይ ቀድመው ይነሣሉ።

ቀጥሎ ስፌቱን የማጥፋት ሥራ ይመጣል። ፎቶው በኮምፒውተር ላይ በወርዱም በቁመቱም በግማሽ ሲገፋ ጠርዞቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ስፌቱም እንደ መስቀል ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ከሌላ የፎቶው ክፍል ድንጋዮችን እየቀዳ መስቀሉን ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ ጠጠር ከሣር ወይም ከለሰነ ግድግዳ ይልቅ ይመቻል፤ በድንጋዮቹ መካከል ጥቁር ክፍተት ስላለ መቁረጫው በዚያ በኩል እየተጠማዘዘ ሊያልፍ ይችላል። ድንጋይ ከመሃሉ ከተቆረጠ ግን ግማሽ ፊቱ የጠፋ ጠጠር ይቀራል፤ ይህም የጀማሪ ሥራ የሚታወቅበት ምልክት ነው። አሌክሴ ኤፍሮስና ዊልያም ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ዘዴ ሁለት የፎቶ ቁራጮች በሚደራረቡበት ቦታ ልዩነቱ አነስተኛ የሆነበትን መስመር ኮምፒውተሩ ራሱ ፈልጎ እንዲቆርጥ ያደርጋል።

ብዙ ምስል የሚበላሸው በልክ ስሕተት ነው። ጎኑ 2 ሜትር የሆነ መሬት በእያንዳንዱ ጎን 4096 ፒክስል ባለው ፎቶ ቢያዝ፣ ለ1 ሚሊሜትር ሁለት ፒክስል ያህል ይደርሳል። 20 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር 40 ያህል ፒክስል ስለሚያገኝ ቅርጹ በግልጽ ይለያል። ይኸው ፎቶ በስሕተት በ8 ሜትር ላይ ቢለጠጥ ጠጠሩ 8 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ግቢው በጠጠር ሳይሆን በቡጢ በሚያክል ድንጋይ የተሞላ ይመስላል። በተቃራኒው በጣም ከተጨመቀ መሬቱ አሸዋ መስሎ ይታያል። በግንባታ ቦታ ጠጠርን 01፣ 02 እያሉ በቁጥር የሚጠሩ ሠራተኞች ይህን ስሕተት ከንድፍ ባለሙያው ቀድመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

የድግግሞሹም ነገር በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። 7 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ በዚህ ባለ2 ሜትር ፎቶ ሲሸፈን 175 ፎቶ ይፈጃል። አንድ ነጭ ድንጋይ ሳይነሣ ቀርቶ ከሆነ 175 ጊዜ ያህል በእኩል ርቀት ተሰልፎ ይታያል ማለት ነው። ባለሙያዎች ሁለት ወይም ሦስት ቴክስቸሮችን ያቀላቅላሉ፤ በላዩ ላይ የጎማ ዱካ፣ የአቧራ ወይም የእርጥበት ሰፋፊ ጥላሸት ይጨምራሉ፤ የድግግሞሹ ሥርዓትም ይሰበራል።

ከቀለሙ ፎቶ ጋር ሌሎች ተጓዳኝ ምስሎች ይሄዳሉ። አንዱ የድንጋዩን ከፍታና ዝቅታ፣ ሌላው ገጹ ብርሃንን ወዴት እንደሚመልስ፣ ሌላው ደግሞ ሻካራነቱን ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። ዝናብ የመታው ጠጠር ይጠቁራል፤ ያብረቀርቃልም። የክረምት ምስል የሚሠራ ሰው ቀለሙን ብቻ አጥቁሮ ሻካራነቱን ካልቀነሰ፣ የሚያገኘው እርጥብ ጠጠር ሳይሆን የከሰል ክምር ነው።

እንደ ፖሊ ሄቨን ባሉ የነጻ ቴክስቸር መዛግብት የሚገኙት ምስሎች በጥራታቸው የሚመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ከሩቅ አገር የተነሣ፣ ሽበትና የደረቀ ቅጠል የተቀላቀለበት ጠጠር ጥቁር ድንጋይ በሚፈለጥበት ደጋ ላይ፣ ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በሚዛቅበት አካባቢ ለሚሠራ ግቢ አይስማማም። ከአካባቢው የድንጋይ መፍጫ ወይም ካባ በግማሽ ቀን ተነሥቶ የሚመጣ ፎቶ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ለመንገድ ንድፍ አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። ከመዛግብቱ «ጠጠር» ተብሎ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጓሮ ጠጠር ነው፦ የታጠበ፣ መጠኑ የተመሳሰለ፣ ደቃቅ አፈር የሌለበት። በምስል እጅግ ያምራል። መኪናና ጋሪ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ንጹህ ጠጠር አይረጋም፤ በጎማ እየተፈናጠረ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ድንጋዩ የወንዝ ድቡልቡል ከሆነ ደግሞ እርስ በርሱ መያያዝም አይችልም። የጠጠር መንገድ የላይኛው ንጣፍ ማዕዘን ያለው ድንጋይ፣ አሸዋና ጥቂት ሸክላማ አፈር ተመጣጥነው የተቀላቀሉበትና በሮለር የተጠቀጠቀ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው መንገድ ፎቶ ሲነሣ እዚህም እዚያም ድንጋይ ብቅ ያለበት አፈር ይመስላል። በስሪዲ ላይ ሲቀርብ ሰውን አያስደንቅም፤ ጤፉንና ሽንኩርቱን በክረምት ወደ ገበያ የሚያደርሰው ግን እሱ ነው።

ቴክስቸሩ ውፍረትም የለውም። ከሥሩ 5 ሴንቲሜትር ጠጠር ይኑር 20 ሴንቲሜትር፣ ገረጋንቲው ይጠቅጠቅ አይጠቅጠቅ፣ ምስሉ ላይ ለውጥ የለም። ተዳፋቱም እንዲሁ ነው። የጠጠር መንገድ ውኃ እንዳይተኛበት መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ጎኖች 4 በመቶ ያህል ማዘንበል ይኖርበታል፤ 7 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ይህ መሃሉን ከጠርዙ 14 ሴንቲሜትር ከፍ ያደርገዋል። በብዙ የስሪዲ ምስሎች ግን መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ተደርጎ ቴክስቸሩ ይለብሰዋል። የጎን ቦዮቹም አንዳንድ ጊዜ ለውበት ሲባል በሣር ተተክተው ይታያሉ። መሬቱ የሚነካበት አርሶ አደርም ሆነ የሚያዋጣ ነዋሪ ስለ ተዳፋቱና ስለ ቦዩ ሲጠይቅ መልሱን ከዚህ ምስል አያገኝም።

መልሱ ያለው «ሴክሽን» በሚባለው የቁርጥ ንድፍ ላይ ነው፤ መንገዱ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ሥዕል ነው። በዚያ ላይ ጠጠር በፎቶ አይገለጽም። በትናንሽ ክቦችና ነጠብጣቦች ይመለከታል፤ ከየንጣፉ አጠገብ ውፍረቱ፣ ከመሃሉም ወደ ጠርዝ ተዳፋቱ በመቶኛ ይጻፋል። የሥራ መጠን ዝርዝሩ ደግሞ ስንት ሜትር ኩብ ጠጠር እንደሚገባ ያስቀምጣል። 100 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ከተጠቀጠቀ በኋላ 140 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ጠጠሩ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ በመኪና የሚመጣው ልቅ ጠጠር ከዚህ ይበልጣል።