ልዕለ ሞለኪውላዊ አፋጣኝ

ልዕለ ሞለኪውላዊ አፋጣኝ ሌላ ሞለኪውል በውስጡ ይዞ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ሰው ሠራሽ ውህድ ነው። «አፋጣኝ» በትምህርት ቤት ካታሊስት የሚባለው ነው፤ «ልዕለ» ደግሞ «ልዕለ ኃያል» በሚለው ውስጥ እንዳለው «የበላይ» ማለት ነው። ስያሜው ከአንድ ሞለኪውል በላይ የሆነውን ኅብረት ያመለክታል። ያዡና ተያዡ በሃይድሮጂን ትስስር፣ በተቃራኒ ቻርጆች መሳሳብ ወይም ውሃን በመሸሽ ይገናኛሉ፤ ትስስሩ ደካማ በመሆኑም ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ የኬሚስትሪ ዘርፍ መሠረት የጣሉት ቻርልስ ፔደርሰን፣ ዶናልድ ክራምና ዣን ማሪ ሌን እ.ኤ.አ. በ1987 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የአፋጣኙ አርአያ ኢንዛይም ነው። በገፈርሳና በሱሉልታ ቤቶች ለሚጠነሰሰው ጠላም ሆነ በሰበታ ለሚጠመቀው ቢራ ብቅል ያስፈልጋል። ገብስ ተነክሮ ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ያዘጋጃል። አሚሌዝ የስታርቹን ሰንሰለት እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚቀይረው እርሾ ነው። በአሚሌዝ ገላ ላይ የስታርቹ ሰንሰለት የሚገባበት ስርጉድ አለ። በስርጉዱ ያሉት አሚኖ አሲዶች ሰንሰለቱን ከሚቆረጠው ትስስር አጠገብ ይይዙታል፤ ለውጡ መሀል ላይ ሲደርስ የሚፈጠረውን አጭር ዕድሜ ያለው ቅርጽም ይደግፋሉ። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ድጋፍ ነው። ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ሲሞቅ ስርጉዱ ይፈርሳል፤ ሥራውም ይቆማል።

ንድፍ አውጪዎች የሚኮርጁት ይህንኑ ስርጉድ ነው። አንዱ መነሻ ከስታርች የሚገኘው ሳይክሎዴክስትሪን ነው። 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች ቀለበት ሠርተው ሲያያዙ ግርጌው የተነደለ ሲኒ ይመስላሉ። ውጪው ከውሃ ጋር ይስማማል፤ ውስጡ ግን ውሃን የሚሸሹ ሞለኪውሎችን ይስባል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ብሬስሎው እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚህ ቀለበት ላይ ኢሚዳዞል የተባሉ ሁለት የሞለኪውል ክፍሎችን አያያዙ። አር ኤን ኤን የሚቆርጠው ራይቦኑክሊዬዝ የተባለው ኢንዛይምም በሁለት ኢሚዳዞሎች ስለሚሠራ፣ አዲሱ ውህድ የእሱን አሠራር በትንሹ ደገመው።

ሌላው መንገድ ቁርጥራጮቹ ራሳቸው ተገጣጥመው ቤት እንዲሠሩ ማድረግ ነው። በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሳጥን 4 የጋሊየም አዮኖችና 6 አያያዥ ሞለኪውሎች አሉት፤ ጠቅላላ ቻርጁም አሉታዊ 12 ነው። ይህ ቻርጅ በሆዱ ያለው ሞለኪውል ፕሮቶን እንዲቀበል ያግዛል። ስለዚህ በቤዝ ውስጥ የማይፈርሰውን ኦርቶፎርሜት የተባለ ውህድ፣ ዙሪያው ቤዝ ሆኖ ሳለ፣ አሲድ እንደሚያደርገው ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ይህ ሥራ ለውጡን እስከ 890 እጥፍ አፋጥኗል።

ትልቁ ፈተና መልቀቅ ነው። ለምሳሌ ሁለት ሞለኪውሎች አንድ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ጉድጓዱን ከመነሻዎቹ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ቦታው ይዘጋል፤ አፋጣኙም ከአንድ ዙር በኋላ ሥራ ይፈታል። በርክሌዮቹ ይህን ያለፉት ውጤቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ውጪ ባለው ቤዝ እንዲለወጥና እንዳይመለስ በማድረግ ነው። ስለዚህ የአንድ ንድፍ ጥራት የሚለካው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን በሚደግመው ዙር ብዛትም ነው። በዚህ ኢንዛይሞች ገና ይመራሉ፦ በደም ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በአንድ ሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ይለውጣል።