ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3፦ የአንድ አስቸጋሪ ሽግግር ታሪክ



የሶፍትዌር ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው አዲስ ፈጠራ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ሆን ተብሎ ስለተደረገ ማፍረስ ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም በአዲሱ ስሪት እንዳይሠራ የሚያደርግ ለውጥ ማለቴ ነው።

የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋን የጀመረው ኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም ሲሆን፣ ቋንቋው ለሕዝብ የቀረበው በ1991 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ክፍት ምንጭ በመሆኑ ማንም ወስዶ ይሠራበታል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ቋንቋቸው የትኛው ቢሮ ወይም ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዳለ አያውቁም፤ ለውጥ ሲያደርጉ እያንዳንዱን ተጠቃሚ ፈልገው ሊያስጠነቅቁ አይችሉም።

የለውጡ ዋና ምክንያት የጽሑፍ አያያዝ ነበር። በፓይተን 2 ተራ ጽሑፍ የባይቶች ድርድር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ ጉድለቱ አይታይም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ግን የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ተብሎ ቢጠየቅ ፓይተን 2 ዘጠኝ ይላል። የመጀመሪያውን ፊደል አውጣ ቢባልም የ«ሰ»ን ሲሶ፣ የማይነበብ ቁራጭ፣ ያወጣል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ፓይተን 2.0ም በ2000 ለዩኒኮድ የተለየ የጽሑፍ ዓይነት አበጅቶ ነበር። ሆኖም ሁለቱ ዓይነቶች እንዲደባለቁ በመፈቀዱ ነገሩ ተባባሰ። በእንግሊዝኛ ስሞች የተፈተነ ፕሮግራም ለዓመታት ያለ እንከን ይሠራና፣ አንድ ቀን በፊደላችን የተጻፈ «አበበ» የሚል ስም ሲገባበት በድንገት ይቆማል። ያን ጊዜ ስሕተቱ የሚታየው ከተሠራበት መስመር እጅግ ርቆ ነው።

በ2008 መጨረሻ የወጣው ፓይተን 3.0 ጽሑፍንና ባይትን ፈጽሞ ለያቸው። ሌሎችም ለውጦች ነበሩ፤ 3 ለ2 ሲካፈል 1 ይሰጥ የነበረው 1.5 መስጠት ጀመረ። አዘጋጆቹ የተማመኑት «ቱ-ቱ-ስሪ» በተባለ መለወጫ ነበር፤ አሮጌውን ኮድ ተቀብሎ በአዲሱ ሰዋስው ይጽፈዋል። እንደ እኔ እምነት የዕቅዱ ድካም እዚህ ላይ ነው። መለወጫው ሰዋስውን ያስተካክላል እንጂ፣ አንድ ድርድር ጽሑፍ ይሁን ጥሬ ባይት፣ ድሮ የጻፈው ሰው ራሱ ያልለየውን፣ ከየት ያውቃል? በዚህ ላይ ተጠቃሚዎች የሚሠሩባቸው ላይብረሪዎች እስኪሻገሩ ይጠብቃሉ፤ የላይብረሪዎቹ አዘጋጆች ደግሞ ተጠቃሚዎቹን ይጠብቃሉ።

ቋጠሮውን የፈታው አንድ ኮድ በሁለቱም ስሪቶች እንዲሠራ ማድረግ ነው። «ሲክስ» የተባለው ላይብረሪ ለዚህ ረዳ፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ከሚለው ስሌት የመጣ ነው። በ2012 የወጣው ፓይተን 3.3 ደግሞ የዩኒኮድ ጽሑፍን ለመለየት ያገለግል የነበረውንና የተሰረዘውን ምልክት መለሰ። ምልክቱ በአዲሱ ቋንቋ ምንም ሥራ የለውም፤ የተመለሰው አሮጌው ኮድ ሳይነካ እንዲነበብ ብቻ ነው። በእኔ ግምት የሽግግሩ ብልህ ውሳኔ ይህ ነው። ለፓይተን 2.7 የተሰጠው ጊዜም በ2014 ከ2015 ወደ 2020 ተራዘመ፤ የመጨረሻው 2.7.18 በዚያው በ2020 ወጣ።

ይህ ማፍረስ ጨርሶ መደረግ አልነበረበትም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የሊነክስ ከርነል የተጠቃሚን ፕሮግራም አለመስበርን ሕግ አድርጎ መኖሩንም ይጠቅሳሉ። ለሊነክስ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በፓይተን 2 ሳይነካ ይቆይ የተባለው ነገር ራሱ በላቲን ፊደል ለማይጽፉ ሁሉ የተሰበረ ነበር። አሮጌውን እንዳለ ማቆየትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም በአማርኛ፣ በዐረብኛና በቻይንኛ የሚጽፉ ሲከፍሉ ነበር። ስለዚህ ዓላማውን እደግፋለሁ፤ የምነቅፈው መንገዱን ነው።

ፓይተን በኋላ ባጸደቀው ደንብ አንድ ነገር ከመወገዱ በፊት በመደበኛው አሠራር ቢያንስ በሁለት ስሪቶች ማስጠንቀቂያ ሊሰጥበት ይገባል። «ቱ-ቱ-ስሪ» ራሱ በ2024 በወጣው ፓይተን 3.13 ተወግዷል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ቀደም ባሉት ስሪቶች ተሰጥቶ ነበር።