2 ዓመት ታገልግል የተባለች ባቡር

የእንግሊዝ ጦር በ1942 ወደ አውሮፓ ምድር የሚመለስበትን ቀን ሲያሰላ ከታንክና ከመድፍ ሌላ አንድ ማንም የማይፎክርበት ነገር አስፈልጎት ነበር፤ ፉርጎ የምትገፋ ትንሽ ባቡር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደብ ላይ የተራገፈ ጥይትና ዱቄት ግንባር እንዲደርስ መጀመሪያ ፉርጎው ከፉርጎ ተለይቶ እንደየመድረሻው መሰለፍ አለበት። ትልቁ የረጅም መንገድ ሎኮሞቲቭ ለዚህ አይሆንም። ጠባብ መታጠፊያ አይችልም፤ ወደ ኋላ ሲሄድም ከሰልና ውሃ የተጫነበት ተከታይ ጋሪው የነጂውን ዓይን ይጋርዳል።

እንግሊዞች መላውን ካገኙት ቆይተዋል። ጋሪውን አስቀርቶ ውሃውን እንደ ኮርቻ ቦይለሩ ላይ መጫን ነው። ያ ሁሉ ክብደት ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ሀዲዱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። እርግጥ ውሃው እያለቀ ሲሄድ ጉልበቷም አብሮ ይቀንሳል። ግሬት ዌስተርን የተባለው ኩባንያ ደግሞ ታንኩን ለሁለት ከፍሎ እንደ አህያ ጭነት ግራና ቀኝ አንጠልጥሎታል፤ በሥሩ እጅ ሰዶ ቅባት ለማጠጣት ይመቻል። ከ1929 እስከ 1950 ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ሞዴል ብቻ 863 ተሠርቷል። እሳት የሌላትም ነበረች! ከፋብሪካው ቦይለር እንፋሎት ተሞልታ የምትሠራ፣ ፍንጣሪ በሚያሰጋበት ግቢ የምትመረጥ።

መንግሥት መጀመሪያ ያሰበው በአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ እጅ የነበረ ሌላ ሞዴል ነበር። የሊድሱ ሀንስሌት ፋብሪካ ግን «የእኛ ይቀላል» ብሎ አሳመነ። ውድ የብረት ሥራ በርካሹ ተተካ፣ የማያስፈልገው ጌጥ ቀረ። በ1943 መጀመሪያ ብቅ ያለችው ባለ 6 ጎማ፣ 48 ቶን የምትመዝን፣ 5,400 ሊትር ገደማ ውሃ የምትሸከም ነበረች። የጎማዋ ቁመት 130 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ልክ እንደ መኪና አንደኛ ማርሽ፣ አትሮጥም ግን ትገፋለች። ስሟንም «ኦስቴሪቲ» አሏት፣ የቁጠባ ዘመን ልጅ ናትና። የተጠየቀችው ቢያንስ 2 ዓመት ከባድ ሥራ እንድትችል ነበር።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? ነጂው ፊትና ኋላ ሲል ይውላል፤ ስለዚህ የአቅጣጫ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ በአንድ ግፊት የሚዞር ረጅም ዘንግ ነው። ታች ሀዲዱ ዳር ጫፉ ቆልማማ ብረት የሆነ ረጅም እንጨት የያዘ ሰው ይቆማል። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ጭነት ፉርጎዎች የሚያያዙት በ3 ቀለበት ሰንሰለት ነበር። ሰውየው በእንጨቱ ቀለበቱን ከመንጠቆው ያወልቃል፣ ባቡሯ ትገፋለች፣ የተፈታው ፉርጎ ብቻውን ተንከባሎ ወደ ተመደበለት ሀዲድ ይገባል። ከዚያ ሌላው ሰው አጠገቡ እየሮጠ ፍሬኑን ይጫናል። በዝናብ፣ በጨለማ፣ በጭጋግ። ስለ ሎኮሞቲቭ ብዙ ይጻፋል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ያ ባለ እንጨቱ ሰው ነው።

ከ1944ቱ የኖርማንዲ ወረራ በኋላ ከኦስቴሪቲዎቹ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ዋናው አውሮፓ ገቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ የኔዘርላንድ ባቡር 27ቱን ወሰደ፤ አንድ የእንግሊዝ የባቡር ኩባንያም 75 ገዛ። ዋናው ቤታቸው ግን በ1947 መጀመሪያ ወደ መንግሥት የዞረው የከሰል ማዕድን ሆነ። እዚያ ምክንያት ነበረው። በናፍጣ የሚሠራው ቁልፍ ሲዞር ይነሣል፤ የእንፋሎቷ ግን እሳቷ ተለኩሶ ውሃዋ እስኪፈላ ሰዓታት ትፈጃለች። ቢሆንም ከሰል ከሚወጣበት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚገዛ ማን ነው? ማዕድኖቹ አዲስም እያዘዙ ሥራው እስከ 1964 ቀጠለ፤ ድምሩ 485 ደረሰ።

በነሐሴ 1968 የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር ድርጅት በዋና መስመሮቹ ላይ የእንፋሎትን ዘመን ዘጋ። ታላላቆቹ ፈጣን ሎኮሞቲቮች አብዛኞቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። በላንካሻየሩ ቢከርሾ ማዕድን ግን ለ2 ዓመት የታሰበችው የሀንስሌት ልጅ 1980ዎቹ ከገቡም በኋላ ከሰል የሞላ ፉርጎ እየገፋች ነበር።