የጋራ ግቢና የባለቤትነት ነገር

በፔካ 12 የምንኖር ቤተሰቦች ሁሌም የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ፦ አገር ቤት በጋራ ግቢ ውስጥ ያለው ማድቤት የማን ነው?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች ተረከቡ። በአንድ ግቢ ባለቤትና የቀበሌ ተከራይ ጎን ለጎን ኖሩ፤ ማድቤቱንና ሽንት ቤቱን በጋራ ተጠቀሙ። መጠቀም ግን ባለቤት መሆን አልነበረም።

የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሌላ መንገድ አመጣ፤ ደረጃው፣ ግቢውና የጋራ መገልገያው ቤት የሁሉም ቤት ባለቤቶች የጋራ ድርሻ ሆነ። ቤቱን የሸጠ ድርሻውንም አብሮ ሸጠ።

እንግዲህ የጋራውን ብናጥር የጎረቤታችንን ድርሻ እንነካለንና ይህን ለልጆቻችን እንንገር።