የሮሃ ድንጋይና የሮሃ ውሃ

ስለ ላሊበላ የተጻፈውን ስናገላብጥ ሁልጊዜ የምናገኘው ድንጋዩንና ንጉሡን ነው። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይቆጠራሉ፣ ይለካሉ፣ ይደነቃሉ። ይገባቸዋልም። ግን መንደሯስ? ሮሃ ትባል የነበረችው፣ ኋላ በንጉሧ ስም የተጠራችው ያቺ ትንሽ የተራራ መንደር የት ገባች? እኛ በዚህ ጽሑፍ ታሪኳን ከድንጋዩ ሳይሆን ከውሃው በኩል ለማየት እንሞክራለን።

መጀመሪያ አገሩን እንወቅ። ላስታ ደጋ ነው። ከመንደሯ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራራው ተዳፋት ላይ ተቀምጣለች። ዝናቡ በአብዛኛው የክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከተራራው እየጋለበ ይወርዳል፣ በጋ ሲገባ ጅረቱ ይከስማል። የላስታ ውሃ አብዛኛው ወደ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ራሱ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው። ቆላውን እያቋረጠ፣ አንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሸለቆ እየፈለፈለ ሱዳን ይገባል፣ አትባራን ተቀላቅሎም ዓባይ ይሆናል።

በመንደሯ መካከል ደግሞ ዮርዳኖስ አለ። የሰማ ሰው ትልቅ ወንዝ ይመስለዋል። የለም፣ በሰው እጅ የተስተካከለ የድንጋይ ቦይ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይወርድበታል። መካከሉ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ መስቀል ቆሟል። አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት የሚከፍላቸው ይኸው ቦይ ነው፦ ወዲህ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጎልጎታ፤ ወዲያ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ገለል ብሏል። ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር እየተባለ አገሩ ሁሉ በኢየሩሳሌም ስም ተጠርቷል። ለኢየሩሳሌም ደግሞ ዮርዳኖስ ያስፈልጋታል፤ ሮሃም ክረምት ብቻ የሚፈስ ቦይዋን ዮርዳኖስ አለችው።

ነገር ግን ቦዩ ስም ብቻ አልነበረም፣ ሥራ ነበረው። ውቅር ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌላው ሕንፃ ከመሠረት ወደ ላይ አይሠራም። በመጀመሪያ ዙሪያው ተቆፍሮ አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንድ ይለያል፣ ከዚያ ከጣሪያው ወደ ታች ይጠረባል፣ በመጨረሻ ውስጡ ይፈለፈላል። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። ታዲያ ክረምት ሲመጣ ይህ ሁሉ ጉድጓድ ኩሬ እንዳይሆን ምን ይደረግ? ጠራቢዎቹ ይህን አስበውበታል። ጉድጓዶቹን በቦይ በቦይ አያይዘው፣ ወለሉን ዘንበል አድርገው፣ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንዲወርድ አድርገዋል። እንደ አፈ ታሪኩ ቀን ሰው ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊት መላእክት ሥራውን ይቀጥላሉ። መላእክቱን ገድሉ አልረሳቸውም። የቀኖቹን ሠራተኞች ስም ግን ማን ጻፈው?

በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የዛጔ መንግሥት አከተመ። ቤተ መንግሥቱ ከላስታ ሄደ፤ ካህኑና ገበሬው ግን እዚያው ቀረ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ፣ የጻፍሁትን የሚያምነኝ የለም ብሎ ፈርቷል። ግን ያ ሁሉ ግርማ እያለ፣ ከጊዜ ብዛት ቦዮቹ በአፈር ተደፈኑ፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም እንደ ተደፈኑ ቆዩ። የተጠረጉት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። እስከዚያ ድረስ መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ድንጋዩ ሰረገ። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ለጥርብ የሚመች ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ለውሃም እንዲሁ ይበገራል። እንግዲህ ያ የንጉሥ ሥራ ዕድሜው የታሰረው በአንድ ተራ ሰው ሥራ ነበር፤ አካፋ ይዞ ቦይ በሚጠርግ ሰው።

ሌላም ነገር አለ። ለሦስት አገር የሚተርፍ ውሃ የሚነሣበት ደጋ ራሱ በውሃ እጦት ተርቧል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ፣ በ1977 ዓ.ም. የደገመው ድርቅ፣ ላስታን አልማሩም። ብዙ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ፣ ብዙውም ወደ ምዕራብ ለሠፈራ ተጫነ። በ2002 ዓ.ም. ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተመርቆ 300 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት ተዘጋጀ። ግድቡ ግን ከላስታ በታች፣ ርቆ ነው። ደጋው ውሃውን ወደ ታች ይሰዳል፤ በበጋ የላስታ ሴት እንስራዋን ተሸክማ ምንጭ ፍለጋ ስትወርድ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብ የሚከልሉ ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ። ኋላ ግን መጠለያዎቹ ራሳቸው ለድንጋዩ ያሰጋሉ ተብሎ፣ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከተማዋ ሕዝብ በሺዎች ሆኖ ሰልፍ ወጣ። በእነዚሁ ዓመታት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ከከተማዋ ወጣ ወዳለ አዲስ ሰፈር ተዛውረዋል። ክብ የሆኑት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶቻቸው አንዳንዶቹ ለቅርስነት ተብለው ቀሩ፤ ሰዎቹ ግን ሄዱ። ለጎብኚ ዓይን ይመች ይሆናል። ለእኛ ግን ጥያቄ ነው፦ ቤቱ ቅርስ ከሆነ፣ በውስጡ የኖረውና ጎርፍ ሲመጣ በሌሊት ተነሥቶ ቦይ የሚከፍተው ጎረቤት ምንድን ነው?

ጓደኞች፣ የታሪክ ተማሪ ወደ ላሊበላ ሲሄድ ቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየቱ አይቀርም። ይይ። ከዚያ ግን ወደ ዮርዳኖስ ይውረድ፣ ቦዩን ይከተል፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያጣራ። ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱን ያግኝና ቦዩን ድሮ ማን ይጠርገው እንደነበረ፣ ዛሬስ ማን እንደሚጠርገው ይጠይቅ። መልሱን ጽፎ ቢያመጣልን፣ እስካሁን ያልተጻፈውን የሮሃን ታሪክ አንድ ገጽ አገኘን ማለት ነው።