የተቀመጠ መንገደኛ

ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው፣ ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩትን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው ያ ጎዳና በየጉድጓዱ ሲያነጥረን፣ በየጠመዝማዛው ጎረቤታችን ትከሻ ላይ ሲጥለን፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ደኑና ጭጋጉ ወደ ኋላ ሲሸሹ ይውሉ ነበር። የከተማችን ቪዲዮ ቤት ትዕይንቱን በአግዳሚ ወንበር አስቀምጦ ያሳየን ነበር፤ መናጡን ግን የምናገኘው ከአውቶቡሱ ብቻ ነው። ሁለቱን አጣምሮ በቲኬት የሚሸጥ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እንዳለ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ፣ ለሥራ ሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ወቅት ነው። በአንድ የመዝናኛ ቤት ውስጥ ጥቂት ወንበሮች በብረት እግር ላይ ቆመው ከፊታቸው ሸራ ተወጥሯል። ቀበቶ አሰሩን፣ መነጽር ሰጡን፣ መብራቱ ጠፋ። በረዶ በለበሰ ተራራ ላይ በሐዲድ ቁልቁል ተወረወርን። አጠገቤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ያዘኝ!» ብለው ክንዴን ጨበጡ። ከአራት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲበራ ሁላችንም እዚያው ነበርን። እኒያ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ለመሆኑ ያ አገር የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቲኬት ቆራጩም ቢሆን መልስ አልነበረውም።

ጥያቄያቸውን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የአክስቴ ልጅ ከምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት ቆሞ ያነሳው ጉዳይ ነው። ይህ ወጣት በሞተር ብስክሌቱ ፊት ካሜራ አስሮ ወደ ማንኪራ የሚወስደውን የደን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀርጾታል። የሚንቀሳቀስ ወንበር ያለው አንድ ነጋዴ አይቶ ወዶታል። «ጋሼ፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልዬ ልግዛህ አለኝ። ልሽጥለት?» አለኝ። የቀረበለት ገንዘብ የሞተር ብስክሌቱን ሁለት ጎማዎች ለመቀየር የሚበቃ ነበር። «ሳላነብ አልመልስልህም» አልኩት። ያነበብኩትን ለእናንተም እነሆ።

በተቀመጠበት የሚጓዝ መንገደኛ ታሪክ ከሲኒማ ታሪክ ጋር እኩል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሮበርት ፖል የተባለ እንግሊዛዊ፣ ኤች ጂ ዌልስ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው የጻፈውን ልቦለድ መነሻ አድርጎ፣ ተመልካቹን በሚወዛወዝ መድረክ ላይ አስቀምጦ በምስል ወደ ጥንትና ወደ መጪው ዘመን ለመውሰድ የሚያስችል ሐሳብ ለመንግሥት አስመዝግቦ ነበር። ሐሳቡ ከወረቀት አላለፈም። በተግባር ያዋለው አሜሪካዊው ጆርጅ ሄል ነው። ሄል ቀደም ሲል የካንሳስ ሲቲ የእሳት አደጋ አለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 በከተማው ኤሌክትሪክ ፓርክ የባቡር ፉርጎ የሚመስል ክፍል ከፈተ። ደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ቲኬት ይሰበስባል፤ ፉርጎው ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት ያለው ሸራ ላይ ከባቡር አፍንጫ የተቀረጸ የሩቅ አገር ሐዲድና ተራራ ይመጣል። ነገሩ በአሜሪካ ከተሞች ተዛመተ፤ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ደረሰ። በኋላ የፓራማውንት ኩባንያ አለቃ የሆነው አዶልፍ ዙከር እንኳ በኒው ዮርክ ይህንኑ ንግድ ሞክሮታል።

ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ደበዘዘ። ፉርጎው አንድ ጊዜ ከተሠራ ያገለግላል፤ ፊልሙ ግን አንድ ጊዜ ከታየ ያረጃል። ተመልካቹ ትናንት ያለፈበትን ድልድይ ዛሬም ሲያገኘው ሰለቸ። እንግዲህ የዚህ ንግድ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ወንበር ያለው ሰው ሁልጊዜ የፊልም ደጅ ጠኚ ነው።

ወንበሩ ራሱ የተሻሻለው በሌላ በር ገብቶ ነው። ኤድዊን ሊንክ የተባለ የኦርጋን ሠሪ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1929 በኦርጋን ወናፎች የሚወዛወዝ የአውሮፕላን አምሳያ ሠራ። የመጀመሪያ ገዢዎቹ መዝናኛ ፓርኮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች በመጥፎ አየር ፖስታ ሲያመላልሱ ተከስክሰው ካለቁ በኋላ ግን ጦሩ ስድስት ገዛ፤ አሻንጉሊት የተባለው ነገር የሕይወት አድን ትምህርት ሆነ። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን አዲስ አበባ ላይ የሚያሠለጥንባቸው አስመሳይ አውሮፕላኖች የዚያ ወናፍ የልጅ ልጆች ናቸው። ስልታቸው ቀላል ነው፤ ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያጋድል ጀርባችን ላይ የሚያርፈው የገዛ ክብደታችን ነው፤ ዓይናችን ግን መንገዱ ሲከንፍ ስለሚያይ አእምሯችን «ፈጠንኩ» ብሎ ይፈርዳል። ዓይንና ጀርባ ለቅጽበት እንኳ ካልተስማሙ ግን ሆድ ይታወካል። ስለዚህ የወንበሩ እንቅስቃሴ የሚጻፈው ፊልሙ እየታየ፣ በየመታጠፊያው ተለክቶ ነው።

ይህ የአብራሪዎች ወንበር ተመልሶ ወደ መዝናኛው የገባው በታላቅ ድምቀት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ዲዝኒላንድ «ስታር ቱርስ»ን ከፈተ። ወንበሩን የሚሸከመው መሣሪያ ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከሚሠራ የብሪታንያ ኩባንያ የመጣ ነው። ታሪኩ የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ነው፤ ፊልሙንም የሠራው የሉካስ ድርጅት ነው። ያን ያህል ሀብታም የሆነው ዲዝኒ በገዛ ቤቱ የሌላ ሰው ተረት ለማሳየት የፈቃድ ውል መዋዋል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ተከራዩ አከራዩን ጠቅልሎ ገዛ ማለት ነው፤ አከራዩ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ባለቤት ሆኖ ቆይቷል።

ዳግላስ ትረምቡል ያዘጋጀው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» እ.ኤ.አ. በ1991 በፍሎሪዳ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ፤ በዓመቱ በዚያው ሕንጻ ውስጥ የ«ሲምፕሰንስ» ፊልም ገባ። ቤቱ አልፈረሰም፤ ፊልሙ ተለወጠ። እንደ ዲዝኒ ያለ አቅም ለሌላቸው ትንንሽ ቤቶች ደግሞ ፊልም የሚያከራዩ ኩባንያዎች ተነሡ። ከነዚህ አንዱ ቤን ስታሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ቤልጂግ ውስጥ የመሠረተው ኤንዌቭ ነው። አብዛኞቹ ፊልሞች በኮምፒውተር የተሣሉ ናቸው። አንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ በብዙ አገር ላሉ ወንበሮች በጊዜ ገደብ ይከራያሉ። የእኒያ እናት ጥያቄ ምናልባት መልስ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያ በረዷማ አገር የትም አልነበረ ይሆናል።

የማንኪራ መንገድ ግን አለ። ጭቃው አለ፣ ጥላው አለ፣ በዛፍ ላይ የተሰቀለው የንብ ቀፎ አለ። ቡና ከዚህ ደን እንደወጣ የአካባቢው ሰው ያምናል፤ ደኑም በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ከ7 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ የሚሰፋው የካፋ ባዮስፌር ክልል አካል ነው። ስለ ፈቃድና ስለ ስም ደግሞ እኛ ካፋዎች ልናውቅ የሚገባን ነገር አለ። ኢትዮጵያ የቡና ስሞቿን በውጭ አገር ለማስመዝገብ ስትታገል፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር የስም ፈቃድ ስምምነት ስትፈርም፣ የተነሡት ስሞች ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ነበሩ። ካፋ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። በዚያ ማንንም አልወቅስም፤ ገበያው የሚያውቃቸው እነዚያን ነበር። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ባለቤት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳለው ሰው መሆኑን የባንክ ጸሐፊ ሆኖ የማያውቅ የለም።

ሕጉንም አየሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊልምን ይጠብቃል፤ መብት ሲተላለፍም ሆነ ፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የሚጠብቀው ግን የተቀረጸውን ሥራ እንጂ የተቀረጸውን ተራራ አይደለም። ደኑ፣ መንገዱ፣ ጭጋጉ በዚያ አዋጅ ባለመብት የላቸውም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፦ «አትሽጠው፤ አከራየው። ቤቱን የሸጠ ሰው በገዛ ደጁ እንግዳ ነው። ለስንት ዓመት፣ በስንት ወንበር፣ በየትኛው ከተማ እንደሚታይ ይጻፍ። ያለ አንተ ፈቃድ ለሦስተኛ ሰው እንዳያስተላልፍ ይጻፍ። ሲጀምርም የቦታው ስም በግልጽ ይታይ።»

ይህን ብዬ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ምሽት ላይ ፊልሙን በስልኩ ሲያሳየኝ ግን፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ቀፎ የተሸከሙ አዛውንት ከመንገዱ ወጥተው ሲያሳልፉት አየሁ። በወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ በቀን ሃያ ጊዜ በእኒህ ሰው ፊት ይከንፋል። «እሳቸውንስ ጠይቀሃል?» አልኩት። ዝም አለ። በቋንቋችን ነጋዴው የሚፈርመውም ፈቃድ ነው፤ ከሰው ደጅ ቆመን የምንለምነውም ፈቃድ ነው። ቃሉ አንድ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የመጀመሪያውን ብቻ ሳስብ ውያለሁ።

በሳምንቱ ማንኪራ ወርዶ ፊልሙን አሳያቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ሲያዩ ሳቁ፤ ከዚያ በካፊኖኖ የመለሱለትን እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «እኔን ተወኝ፣ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። መንገዱን ግን የማንኪራ መንገድ ብላችሁ ጥሩት።»

ውሉ ገና አልተፈረመም፤ ነጋዴው «አስባለሁ» ብሏል። ከፈረመ ግን፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት ከዚያ ወንበር ሲወርዱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ያ አገር የት ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ቲኬት ቆራጩ የሚመልሰው ይኖረዋል።