ሁለት ጊዜ የተሠራች መርከብ

የሰው እጅ ሥራ እንደ ሠሪው ዕድሜና ዕጣ አለው፤ አንዱ በአገልግሎት ሳለ ያልፋል፥ ሌላው ግን ከአገልግሎቱ በኋላ ይፈተናል። ካላካላ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ታሪክ ይህን ያስረዳል። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ይህች መርከብ በ1926 በካሊፎርኒያ ስትሠራ ስሟ ፔራልታ ነበረ፤ ሥራዋም ከኦክላንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መንገደኞችን ማሻገር ነበረ። በ1928 ግንባሯ ወደ ውሃ አዘንብሎ አምስት ሰዎች ሰጠሙ። በ1933 ደግሞ እሳት ተነሥቶ የላይኛውን ቤቷን ጨርሶ በላው፤ የቀረው የታችኛው የብረት አካሏ ብቻ ነው።

ሌላው ሰው ተስፋ የቈረጠበትን ይህን አካል በሰሜን በኩል በፒውጀት ሳውንድ የሚሠራ የመርከብ ኩባንያ ገዝቶ ወደ ዋሽንግተን ግዛት አስጐተተው። በዚያም በኪርክላንድ አጠገብ እንደ ገና ተሠርታ በ1935 ሥራ ጀመረች። መልኳ እንደ ብር ያበራል፤ ግንባሯ የተድበለበለ፥ መስኮቶቿም ክብ ናቸው። አዲሱ ስሟ በአገሩ ነባር ሕዝቦች የንግድ ቋንቋ «ወፍ» ማለት ነው። ርዝመቷ 84 ሜትር ያህል ሲሆን እስከ 2000 ሰው ትይዝ ነበር። ከሲያትል ወደ ብረመርተን ስትመላለስ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር መርከብ የሚሠሩትንና የሚያድሱትን ሠራተኞች ታደርስ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚህች መርከብ ነገር እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ እጅግ ያማረ፥ ወርቁ ግን የደከመ ነበረ። ሞተሯ ሲሠራ ሁለንተናዋን ያንቀጠቅጣት ነበር። መሪው ከቆመበት ክፍል ሆኖ የግንባሯን ጫፍ ደኅና አድርጎ ማየት ስለማይችል፥ ከወደቡ ጋራ መጋጨቷ የታወቀ ሆነ።

በ1967 ከአገልግሎት ተሰናብታ ተሸጠች፤ ወደ አላስካም ተጐተተች። መንገደኞች ይጫወቱበት የነበረው አዳራሽ የሸርጣን ሥጋ በቆርቆሮ የሚታሸግበት ፋብሪካ ሆነ። በመጨረሻም በኮዲያክ ደሴት ዳር በጭቃ ተይዛ ቀረች። ፒተር ቤቪስ የተባለ ሐውልት ቀራፂ ግን አይቶ አዘነላት፤ ብዙ ደክሞም ከጭቃው አስወጣትና በ1998 ወደ ሲያትል መለሳት። ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት።

ደስታው ግን ገንዘብ አልሆነም። ዝገቱ በየዓመቱ እየበላት፥ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጣ ወደ ታኮማ ተወሰደች፤ በዚያም በ1915 ሳይሆን በ2015፥ ማለት ሁለተኛ ከተሠራች በ80ኛው ዓመት፥ ተቈራርጣ ጠፋች። ከቍራጮቿ ጥቂቱን ዳግመኛ የተሠራችበት የኪርክላንድ ከተማ ገዝቶ አስቀመጠ።

እሳት ያልጨረሳትን መርከብ ዝገት ጨረሳት፤ እሳቱን ሁሉ ሰው አይቶታል፥ ዝገቱ ግን በዝምታ ሠርቷልና። የአባቶችን ሥራ እናድን የሚል ሰው፥ ለአቀባበሉ ቀን እልልታ ከማዘጋጀቱ በፊት ለነገው ጥገና ቀለብ ሊቈርጥለት ይገባል።